ገመድ አልባ ኢንተርኔት በቤትና በሱቅ፦ ራውተር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?



ካኩማ ካምፕ በ1992 ሲቋቋም ስደተኛው ከዘመዶቹ ጋር የሚገናኘው በደብዳቤ ነበር። ዛሬ ግን የብዙዎቻችን ጉዳይ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ይገኛል። ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ፣ የስደተኛነት ወረቀት ፎቶግራፍ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የልጆች የትምህርት ውጤት፣ እንዲሁም ከቤተሰብ ጋር የምንለዋወጠው ምስጢር ሁሉ በዚሁ መንገድ ያልፋል። ይህ በመሆኑም አንድ ራውተር ገዝቶ ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት ወይም ለሻይ ቤት ደንበኛ ኢንተርኔት ማካፈል ጠቃሚ ሥራ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ራውተር ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «ዋጋው ስንት ነው? አንቴናው ስንት ነው?» የሚለው ብቻ ነው። «በሚገባ ሊቆለፍ ይችላል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ከሁለቱ ማስቀደም ነው። ሊቆለፍ የማይችል ራውተር በርካሽ ቢገዛም ኋላ ዋጋው ውድ ነውና።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ እንስጥ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በራውተር ካርቶንና በማስተካከያ ገጹ ላይ የሚገኙት ቃላት በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆን፣ እኛ እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል።

1. ራውተር ምን ይሠራል?

ራውተር ኢንተርኔትን ከአንድ ምንጭ ተቀብሎ ለብዙ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። ምንጩ ሲም ካርድ፣ ኬብል ወይም የሳተላይት ሳህን ሊሆን ይችላል። ማከፋፈያው መንገድ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዋይፋይ የምንለውም ይኸው ነው።

የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳና አጥር አያውቅም። አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ሲያሰማ ማን እንደሚያዳምጠው ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ዋይፋይም እንዲሁ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገዱን በከፊል ቢመልሰውም በበር፣ በመስኮትና በጣሪያ ክፍተት ይወጣል። የጭቃ ግድግዳና ሸራ ደግሞ በቀላሉ ያሳልፉታል። በገላጣ ቦታ ላይ ሞገዱ እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቤቶች ተቀራርበው በተሠሩበት ካምፕ ውስጥ ይህ ማለት የአንድ ቤት ዋይፋይ በብዙ ጎረቤቶች ቤት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ የቤትዎን በር መቆለፍ ዋይፋይዎን አይቆልፈውም። የዋይፋይ ቁልፍ ምስጠራ ይባላል። ምስጠራ ማለት መልእክቱን ቁልፉን ያልያዘ ሰው ሊያነበው በማይችል መልክ ለውጦ መላክ ነው። ሞገዱን ጎረቤት ቢቀበለውም ትርጉሙን አያገኝም። ቁልፉ የሚሠራው እርስዎ ከሚያስገቡት ፓስወርድ ወይም የምስጢር ቃል ነው።

2. የቁልፉ ታሪክ

አሮጌውን መሣሪያ ከአዲሱ ለመለየት የሚረዳ በመሆኑ የቁልፉን ታሪክ ባጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዋይፋይ ዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1997 ነው። አብሮት የወጣው ቁልፍ ዌፕ ይባል ነበር። በ2001 ተመራማሪዎች የዌፕን ድክመት ይፋ አደረጉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማንኛውም ሰው በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም በደቂቃዎች ውስጥ ሊሰብረው የሚችል ሆነ። በእሱ ምትክ በ2003 ደብልዩፒኤ፣ በ2004 ደብልዩፒኤ2፣ በ2018 ደግሞ ደብልዩፒኤ3 ወጡ።

አሮጌ ቁልፍ ይዞ መቆየት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማሳየት አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጥቀስ። ቲጄኤክስ በአሜሪካ ብዙ የልብስና የቤት ዕቃ መደብሮች ያሉት ታላቅ ድርጅት ነው። ከ2005 ጀምሮ ሰርጎ ገቦች በዌፕ ብቻ ይጠበቅ በነበረ የመደብር ዋይፋይ በኩል ወደ ድርጅቱ ኮምፒዩተሮች ገቡ። ድርጅቱ ነገሩን ይፋ ያደረገው በጥር 2007 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ45 ሚሊዮን በላይ የባንክ ካርድ ቁጥሮች ተሰርቀው ነበር። የተሻለው ቁልፍ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ነገር ግን አልተለወጠም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቁልፍ ያረጃል የሚለውን ነው። ትናንት አስተማማኝ የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል።

3. ዋይፋይ ካልተቆለፈ ምን ይደርሳል?

ብዙ ሰው «እኔ ምን አለኝና ይሰረቅብኛል?» ይላል። ጉዳቱ ግን በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው ገንዘብና ፍጥነት ነው። የገዙትን የኢንተርኔት መጠን ሌላው ይጨርሰዋል። አንድ ያልተጋበዘ ሰው ፊልም በሚያወርድበት ሰዓት እርስዎ ከልጅዎ ጋር በምስል መነጋገር ያቅትዎታል።

ሁለተኛው ተጠያቂነት ነው። በኬንያ ሲም ካርድ የሚመዘገበው በሰው ስም ነው። እንበል፣ አንድ የማያውቁት ሰው በእርስዎ ዋይፋይ ገብቶ የማጭበርበር መልእክት ቢልክ ወይም በሌላ ሰው ላይ ዛቻ ቢጽፍ፣ ምርመራው መጀመሪያ የሚያመራው መስመሩ ወደ ተመዘገበበት ሰው ነው። ንጹሕ መሆንዎን እስኪያስረዱ ድረስ ብዙ ይንገላታሉ። የስደተኛነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከፋው ራውተሩ ራሱ በሌላ ሰው እጅ ሲወድቅ ነው። ስልክዎ አንድን ገጽ ለመክፈት ሲፈልግ አድራሻውን የሚጠይቀው በራውተሩ በኩል ነው። የራውተሩን ማስተካከያ የለወጠ ሰው የተሳሳተ አድራሻ እንዲሰጥ ሊያደርገው ይችላል። እርስዎ የሚያውቁትን ገጽ የከፈቱ መስሎዎት ተመሳስሎ በተሠራ ሌላ ገጽ ላይ ስምዎንና የምስጢር ቃልዎን ሊጽፉ ይችላሉ። ይህን ዓይነቱን ገጽ አጭበርባሪዎች «ጉዳይዎን እናፋጥናለን፣ ክፍያ ይላኩ» ለማለትም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ፣ ሦስተኛ አገር ማስፈርን ጨምሮ፣ በነፃ የሚሰጥ መሆኑን አይርሱ። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽም ሆነ ሰው አጭበርባሪ ነው።

ራውተር መጠለፉ በሩቅ ያለ ነገር አይደለም። በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ። የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነበር፦ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውን 60 ያህል የታወቁ የምስጢር ቃላት እየተራ መሞከር ብቻ። በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው በ54 አገሮች ከ500,000 የማያንሱ መሣሪያዎችን መያዙ ታውቋል። አብዛኞቹ በቤትና በትንንሽ ንግድ ቤቶች የሚገኙ ራውተሮች ነበሩ።

4. ራውተር ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

ሀ. የቁልፉ ዓይነት። በካርቶኑ ላይ ደብልዩፒኤ3 የሚል ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ቢያንስ ደብልዩፒኤ2 ሊኖረው ይገባል። ዌፕ ወይም የመጀመሪያው ደብልዩፒኤ ብቻ ያለውን ዕቃ በነፃም ቢሰጥዎ ለመረብዎ አይጠቀሙበት።

ለ. እድሳት። ራውተር በውስጡ ፕሮግራም አለው። በፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ ፋብሪካው ማደሻ ያወጣል። ለምሳሌ በ2017 ማቲ ቫንሁፍ የተባለ የቤልጅግ ተመራማሪ በደብልዩፒኤ2 አሠራር ላይ ክራክ የተባለውን ድክመት አሳይቶ ነበር፤ ድክመቱም በእድሳት ተደፍኗል። እድሳቱን ያላገኙ አሮጌ መሣሪያዎች ግን ቀዳዳቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የመሣሪያውን ሞዴል ቁጥር በኢንተርኔት ፈልገው ፋብሪካው አሁንም ማደሻ የሚያወጣለት መሆኑን ይመልከቱ። የመጨረሻው ማደሻ ከወጣ ብዙ ዓመታት ካለፉ ይተዉት።

ሐ. ኃይል። በጄኔሬተር ወይም በሶላር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በአዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ተብሎ ከተጻፈ ከፍተኛው ፍጆታ 12 ዋት ነው፤ በተለመደው ጊዜ ግን ግማሽ ያህሉን ይበላል። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 42 ዋት ሰዓት እናገኛለን። ይህም 6 ዋት የሚበላ ራውተር ለ7 ሰዓት ያህል ያሠራል። ኢንቨርተር በመካከል ከገባ ግን ከኃይሉ የተወሰነው ስለሚባክን ሰዓቱ ያጥራል። ባትሪውን በቀጥታ ሲያገናኙ ቮልቱ ከ12 እንዳያልፍ የሚያስተካክል መሣሪያ በመካከል ያድርጉ፤ በሶላር በመሞላት ላይ ያለ ባትሪ ከ14 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላልና። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩም እንዳይገላበጥ ይጠንቀቁ። በኬንያ ከ2023 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠውን ስታርሊንክ የሚያስቡ ሰዎች ደግሞ መደበኛው ዕቃ በአብዛኛው ከ50 ዋት በላይ የሚበላ መሆኑን አስቀድመው ያስሉ።

መ. ሙቀትና አቧራ። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት እንዲችሉ ነው። በእኛ አካባቢ የቀን ሙቀት እዚያ ይደርሳል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥርማ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ራውተሩን ከጣሪያው ዝቅ አድርገው፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ላይ ይስቀሉት። በጨርቅ አይሸፍኑት፤ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያንሱለት።

ሠ. ሲም ካርድ። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ለአንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ የተቆለፈ ነው ወይስ የማንኛውንም ሲም ይቀበላል? ሁለተኛ፣ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ እዚህ ያለውን የ4ጂ ሞገድ ይይዛል? ሻጩ ፊት የራስዎን ሲም ከትተው መሞከር ከሁሉ የተሻለ ማረጋገጫ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ በራሱ ባትሪ የሚሠራው ማይፋይ የተባለው ትንሽ የኪስ ራውተር ይበቃል። ለሻይ ቤት ግን አይበቃም፤ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ የሚችሉት 10 ያህል ስልክ ነው።

ረ. 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። ዋይፋይ በሁለቱ ሞገዶች ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ብዙ ራውተር ባለበት ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ርቀቱ ግን አጭር ነው። ሁለቱም ያለው መሣሪያ ይመረጣል። ለአንድ ክፍል ቤት 5 ጊጋኸርዙን ብቻ መጠቀም ሞገዱ ከቤት ርቆ እንዳይሄድም ይረዳል።

ሰ. የእንግዳ መረብ። አንዳንድ ራውተር ለቤተሰብና ለእንግዳ ሁለት የተለያዩ መረቦች መክፈት ይችላል። ኢንተርኔት ለሌላ የሚያካፍል ሰው ይህ የሌለውን ባይገዛ ይመረጣል።

የአንቴና ብዛት ለጥበቃ የሚጨምረው ነገር የለም። ባለ አራት አንቴና ራውተር ካልተቆለፈ የሚያደርገው ነገር ክፍቱን በር ይበልጥ ማስፋት ነው።

5. በመጀመሪያው ቀን የሚፈጸሙ ተግባራት

አዲስም ሆነ ያገለገለ ራውተር ሲገዙ ለሌላ ሰው ከማካፈልዎ በፊት የሚከተሉትን በተራ ይፈጽሙ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

አንደኛ፣ ያገለገለ ከሆነ የቀድሞውን ባለቤት ማስተካከያ ይሰርዙ። ከጀርባው ወይም ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ፣ ራውተሩ እንደበራ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ወይም በሽቦ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫኑ።

ሁለተኛ፣ በራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው፣ በስልክዎ ኢንተርኔት መክፈቻ ላይ ጽፈው ወደ ማስተካከያው ገጽ ይግቡ። በቅድሚያ የማስተካከያውን የምስጢር ቃል ይለውጡ። ይህ ከዋይፋዩ የምስጢር ቃል የተለየ ነው። ሚራይ የገባው ሰዎች ይህን ቃል ሳይለውጡ በመተዋቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ የቁልፉን ዓይነት ደብልዩፒኤ3 ያድርጉ። አሮጌ ስልኮች ካልገቡ ደብልዩፒኤ2 ይምረጡ። ከደብልዩፒኤ2 ጎን ኤኢኤስ እና ቲኪፕ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ካሉ ኤኢኤስን ይውሰዱ።

አራተኛ፣ ጠንካራ የምስጢር ቃል ይስጡ። ከ8 ፊደል ያነሰ መሣሪያው ራሱ አይቀበልም፤ 8 ግን በቂ አይደለም። ብዙ ሰው የስልክ ቁጥሩን የምስጢር ቃል ያደርገዋል። የኬንያ ሞባይል ቁጥር 10 አሃዝ ቢሆንም በ07 የሚጀምር ከሆነ የማይታወቀው 8ቱ ብቻ ነው፤ ይህም 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ብዙ ይመስላል። ሆኖም ሰርጎ ገብ ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጠንካራ ኮምፒዩተር በአንድ ሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን ስለሚሞክር 100 ሚሊዮኑን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። የተሻለው ዘዴ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ ጀበና፣ ሚስማር፣ ደመና፣ ወንፊት። ለማስታወስ ይቀላል፤ ለመገመት ግን እጅግ ይከብዳል። እኛ የሰጠነውን ምሳሌ ሳይሆን የራስዎን ይፍጠሩ።

አምስተኛ፣ የመረቡን ስም ይለውጡ። ስሙን በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ የራስዎን ስም፣ የብሎክ ወይም የቤት ቁጥር፣ ብሔርዎንም ሆነ ሃይማኖትዎን የሚገልጽ ስም አይስጡ። ከሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ የመጣ አንባቢ ይህን በተለይ ልብ ይበል።

ስድስተኛ፣ ደብልዩፒኤስ የተባለውን ያጥፉ። ይህ ረጅም ቃል ሳይጻፍ በ8 አሃዝ ቁጥር ለመግባት የተሠራ አቋራጭ ነው። በ2011 እንደታወቀው ራውተሩ ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ ስለሚመረምረው በ11,000 ሙከራ ብቻ ሊገኝ ይችላል። የፊት በሩን በብረት ቆልፎ የጓሮውን በቃጫ እንደማሰር ነው።

ሰባተኛ፣ ራውተሩን ከውጭ ሆኖ በኢንተርኔት ማስተካከል የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉ።

ስምንተኛ፣ የውስጥ ፕሮግራሙን ያድሱ። በራሱ እንዲታደስ የሚያደርግ ምርጫ ካለ ይክፈቱት። ከሌለ በየሦስት ወሩ ገብተው ይመልከቱ።

6. ለሻይ ቤትና ለሱቅ ባለቤቶች

በደብልዩፒኤ2 የምስጢር ቃሉን የሚያውቅ ሰው በዚያው መረብ የሚጠቀሙትን የሌሎች ሰዎች ሞገድ ቀድቶ ምስጠራውን ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ለሁሉ የሚታይ የምስጢር ቃል ለደንበኞች እርስ በርስ መከላከያ አይሆንም። ደብልዩፒኤ3 ይህን ችግር አቃሏል፤ የሚሠራው ግን የደንበኛውም ስልክ የሚያውቀው ከሆነ ነው።

በመሆኑም ለደንበኛ የእንግዳውን መረብ ይስጡ። የሒሳብ መዝገብዎ ያለበት ኮምፒዩተርና የራስዎ ስልክ በዋናው መረብ ላይ ይሁን። የእንግዳውን የምስጢር ቃል በየሳምንቱ ይለውጡ። ሠራተኛ ወይም ተከራይ ሲለቅ ደግሞ የዋናውንም ቃል በዚያው ቀን ይለውጡ፤ ይህም የቤት ቁልፍ እንደ መቀበል ስለሚቆጠር ማንም ሊቀየም አይገባም። ኢንተርኔትን በክፍያ ማከፋፈል ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችልም ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት መስመሩን የሸጠልዎትን ድርጅት ይጠይቁ።

7. በሌላ ሰው ዋይፋይ ሲጠቀሙ

በሕዝብ ዋይፋይ የሚጠቀም ሰው መፍራት ሳይሆን መጠንቀቅ ይኖርበታል። ዛሬ አብዛኞቹ ገጾችና የመልእክት ፕሮግራሞች የራሳቸው ምስጠራ ስላላቸው በመካከል ያለ ሰው የጻፉትን በቀላሉ አያነብም። ሆኖም የሚከተሉትን ያስታውሱ።

የመረብ ስም ሊመሳሰል ይችላል። ማንኛውም ሰው የሻይ ቤቱን ስም የያዘ ሌላ ዋይፋይ ሊከፍት ይችላልና ሲጠራጠሩ ባለቤቱን ይጠይቁ። ለመግቢያ ብሎ የኢሜይል ወይም የፌስቡክ ምስጢር ቃልዎን የሚጠይቅ ገጽ ሲመጣ ወዲያው ይዝጉት። ስልክዎ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ አልፈው አይሂዱ። ገንዘብ ሲልኩ ወይም ሲቀበሉ በሲም ካርዱ ሜኑ ይጠቀሙ፤ ይህ በስልክ መስመሩ በቀጥታ ስለሚሄድ በዋይፋዩ በኩል አያልፍም። የገንዘብ ፒን ቁጥርዎን ለማንም፣ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን አይስጡ።

ሳይፈቀድ በሰው ዋይፋይ ሰብሮ መግባት በኬንያ በ2018 በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ወጣቶች እንዲያውቁት ያስፈልጋል። «ልሞክረው ብዬ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

8. ራስዎን ይፈትኑ

ጥያቄ፦ የመረቡን ስም መደበቅ ይጠቅማል?
መልስ፦ እንደ ጥበቃ አይቆጠርም። ስሙ ከተራ ተጠቃሚ ቢሰወርም ስልክዎ ለመገናኘት በጠራው ጊዜ በቀላል ፕሮግራም ይያዛል። ጥበቃው ምስጠራውና ጠንካራው ቃል ነው።

ጥያቄ፦ በምዝገባ የተወሰኑ ስልኮች ብቻ እንዲገቡ ማድረግስ?
መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ስልክ የሚታወቅበት ቁጥር በአየር ላይ ስለሚታይ ሌላው ሰው ያንኑ ቁጥር አስመስሎ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ያልተጋበዘ ሰው መግባቱን በምን አውቃለሁ?
መልስ፦ በማስተካከያው ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። ከቤትዎ ስልኮች ቁጥር ከበለጠ የምስጢር ቃሉን ይለውጡ። ሁሉም ወጥተው በአዲሱ ቃል እንደገና ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ለአዲስ ራውተር አይበቃም፤ ያለኝ ደብልዩፒኤ2 ያለው አሮጌ ነው። ምን ላድርግ?
መልስ፦ በክፍል 5 የተዘረዘሩትን ስምንት ተግባራት ይፈጽሙበት። የቻለውን እድሳት ይስጡት። በማይጠቀሙበት ሰዓት ያጥፉት፤ ባትሪዎንም ይቆጥባል፤ የጠፋ ራውተርም አይጠለፍም።

ጥያቄ፦ የምስጢር ቃሉን በወረቀት መጻፍ ይፈቀዳል?
መልስ፦ አዎ። ረጅም ቃል ጽፎ ከስደተኛነት ወረቀትዎ ጋር ማስቀመጥ፣ ለማስታወስ ሲባል አጭርና ቀላል ቃል ከመምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ራውተር ያላችሁ አንባብያን ከስምንቱ ተግባራት ቢያንስ ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስድስተኛውን በዚህ ሳምንት ፈጽሙ። አማርኛ ለማያነቡ ጎረቤቶቻችሁም በሚግባቡበት ቋንቋ አስረዷቸው። በአንድ ብሎክ ውስጥ አንድ ያልተቆለፈ ራውተር ሲኖር በእሱ የሚገለገለው ሁሉ አብሮ ይጋለጣልና።